ለከተማ ዳር ሳይክል ነጂ የትኛው ፔዳል ይሻላል? ተራው፣ ባለ ጥርሱ ወይስ ቆላፊው

የሥራ ቦታዬ በር ላይ ደርሼ ሳይክሌን ሳቆም የጥበቃ ሠራተኛው ጎንበስ ብለው ፔዳሉን ያዩታል። "ልጄ፣ ይሄ ነገር እግርህን እንደያዘ ባጃጅ ቢገባብህስ?" ይሉኛል። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሳይክል ነድተው አያውቁም። ጥያቄያቸው ግን ፔዳል የሚመርጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የምሠራው ሳሪስ አካባቢ ነው። መሄጃው ብቻ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ መንገድ ላይ በተለያየ ጊዜ አራት ዓይነት ፔዳል ሞክሬያለሁ። ከሰፈር ልጆችም፣ ከሥራ ባልደረቦቼም "ቆላፊውን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" የሚል ጥያቄ ስለሚበዛብኝ የማውቀውን እዚህ ልጻፈው።

መልሴን አላዘገይም። ከከተማ ዳር ተነስቶ ሥራ ለሚመላለስ አብዛኛው ሰው ባለ ጥርስ ሰፊ ፔዳል፣ ማለትም ጫማን የሚነክሱ ትንንሽ ጥርሶች ላዩ ላይ ያሉት፣ ይበቃዋል። መንገዱ ረጅም፣ አብዛኛው አስፋልት፣ መቆሚያው ጥቂት ለሆነ ሰው ደግሞ በአንድ ፊቱ ተራ፣ በሌላው ፊቱ ቆላፊ (ጫማን ቆልፎ የሚይዝ) የሆነውን እመክራለሁ። በሁለቱም ፊቱ የሚቆልፈውን ለሥራ መመላለሻ የምመክረው ለጥቂት ሰው ነው። ምክንያቱ ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል።

ቆላፊው ፔዳል እንዴት ይሠራል?

በጫማው ሶል ሥር ትንሽ ብረት በብሎን ይታሰራል። ክሊት ይባላል። ፔዳሉ ላይ በሞላ የሚሠራ መንጋጋ አለ። ክሊቱን መንጋጋው ላይ አድርጋችሁ ወደ ታች ስትጫኑ "ቀጭ" ብሎ ይይዛል። ለመውጣት ተረከዝን ወደ ውጭ ማዞር ነው። በተለመደው ክሊት እግርን ወደ ላይ መጎተት አያስወጣም። ይህን ልብ በሉ። ሰው ሲደነግጥ እግሩን ወደ ላይ ነው የሚያነሳው፤ አዲስ ነጂ የሚወድቀውም በዚህ ነው።

ዕቃው "ክሊፕለስ" መባሉ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። ቃሉ "ክሊፕ የሌለው" ማለት ነው፤ ዕቃው ግን እግር ይቆልፋል። ድሮ ተወዳዳሪዎች የእግራቸውን ጣቶች የሚያስገቡበት በቀበቶ የሚጠብቅ ቀፎ ነበር። ክሊፕ የሚባለው እሱ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ሉክ ኩባንያ ከበረዶ ሸርተቴ ጫማ ማሰሪያ የተማረውን ወደ ብስክሌት አመጣው። በዓመቱ ፈረንሳዊው ተወዳዳሪ በርናር ኢኖ በዚያ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስ የሚባለውን ትልቅ የብስክሌት ውድድር አሸነፈ። ቀፎው ቀረ፤ አዲሱ ዕቃም "ቀፎ የሌለው" ተባለ። የጃፓኑ ሺማኖ ኩባንያ ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ኤስፒዲ የሚባለውን ትንሹን ዓይነት ለተራራ ብስክሌት አወጣ።

ስለዚህ ገበያ ላይ ሁለት ቤተሰብ አለ። አንዱ ክሊቱ በሦስት ብሎን የሚታሰር ነው። የአስፋልት ተወዳዳሪዎች ነው። ክሊቱ ትልቅ ፕላስቲክ ሆኖ ከሶሉ በታች ወጥቶ ይቀራል። ይህን አድርጋችሁ ኮብልስቶን ላይ መራመድ አይሆንም። ያንሸራትታል፣ ፕላስቲኩም ቶሎ ያልቃል። ለሥራ መመላለሻ ይህን አትግዙ። ሁለተኛው በሁለት ብሎን የሚታሰረው ኤስፒዲና መሰሎቹ ናቸው። ክሊቱ ትንሽ ብረት ነው፣ ሶሉ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጣል። በጫማው ደረጃ መውጣት፣ ሱቅ መግባት፣ ታክሲ መሳፈር ይቻላል። ከዚህ በኋላ "ቆላፊ" ስል ይህን ሁለተኛውን ነው።

መጀመሪያ እግራችሁን ቁጠሩ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ቀን እግራችሁ ስንት ጊዜ መሬት እንደሚነካ ቁጠሩ። እኔ አንድ ሰኞ ጠዋት ቆጠርኩ። ከቤት እስከ ሥራ 31 ጊዜ ሆነ። ከዚህ ውስጥ 11ዱ ዋናው አስፋልት ሳልደርስ ነበር። ከኮንዶሚኒየሙ ስወጣ ባጃጆች ተደርድረው መንገድ ይዘዋል። ተማሪዎች ይሻገራሉ። ከብት የሚነዳ ሰው አለ። ለቧንቧ ተቆፍሮ በአፈር ብቻ የተሞላ ጉድጓድ አለ። ቀጥሎ የታክሲ መሳፈሪያው ይመጣል፤ ረዳቱ በሩን እንደከፈተ "ሳሪስ! ሳሪስ!" እያለ ሚኒባሱ ወደ ዳር ይገባል።

በእያንዳንዱ ማቆሚያ ቆላፊ ፔዳል ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ከመቆሙ አስቀድሞ ተረከዙን ማዞር አለበት። ስለ ማቆሚያው ቀድሞ ካወቀ ችግር የለም። ትራፊክ መብራት ይታያል። ችግሩ ሳይታሰብ የሚመጣው ነው፤ በከተማ ዳር ደግሞ ሳይታሰብ የሚመጣው ይበዛል።

የራሴን ልንገራችሁ። ቆላፊውን ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ነበር። ቃሊቲ አካባቢ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ ከፊቴ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ፍሬን ያዝኩ። ቀኝ እግሬ ወጣ። ሳይክሉ ግን የተንጋደደው ወደ ግራ ነበር። ግራ እግሬ እንደተቆለፈ ወደ አስፋልቱ ወደቅኩ። ከኋላዬ ሲኖትራክ ይመጣ ነበር። ሹፌሩ ርቀት ጠብቆ ስለነበር ቆመ። ክርኔ ተላጠ፣ ሌላ አልሆንኩም። ግን የጎማውን ቁመት ከመሬት ሆኜ አይቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር አስተካከልኩ። አንደኛ፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ አወጣለሁ፤ ሰውነቴንም ወደ ቀኝ ዘንበል አደርጋለሁ። እኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ዳሩ ያለው በቀኝ ነው። ብወድቅ እንኳ ወደ ዳር ልውደቅ። ሁለተኛ፣ የሞላውን ጥብቀት ቀነስኩ። ኤስፒዲ ላይ በ3 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ የሚዞር ትንሽ ብሎን አለ። ለጀማሪ እስከ መጨረሻው ላላ ማድረግ ነው። ሦስተኛ፣ ክሊቱን ቀየርኩ። ከሺማኖ የኤስፒዲ ክሊቶች በብዛት የሚታወቁት ሁለት ናቸው። ኤስኤች 51 የሚባለው ተረከዝ ወደ ጎን ሲዞር ብቻ ነው የሚለቀው። ኤስኤች 56 ግን ወደ ላይ በኃይል ሲነቀልም ይለቃል። ለተመላላሽ ሰው 56ን እመክራለሁ። ዕቃውን አስቀድሞ የገዛ ሰው ክሊቱን ብቻ ቢቀይር ይበቃዋል።

በቆጠራችሁ ከ10 በታች ካገኛችሁ ቆላፊውን ማሰብ ትችላላችሁ። ከ20 በላይ ከሆነ እኔ አልመክርም። ይህ ቁጥር የራሴ መለኪያ ነው፤ የመጣው ከዚያ መንገድ ላይ ነው።

የዋልካ ጭቃ

ስለ ፔዳል የሚጻፈው ብዙ ነገር የውጭ አገር ነው። ዝናብን ያውቃሉ፤ ዋልካን ግን አያውቁም። በአዲስ አበባ ደቡብና ምሥራቅ ዳር ያለው አፈር አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ኮቲቻ የሚሉትም አሉ። በበጋ ይሰነጠቃል። ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም ደግሞ ያብጣል፣ ያጣብቃል። ሦስት እርምጃ የተራመደ ሰው ጫማው ሥር እንደ ምጣድ የሚሰፋ ጭቃ ይዞ ነው የሚሄደው።

ይህ ጭቃ ሶሉ ውስጥ ያለውን የክሊት ቦታ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ላይ ብትረግጡ አይቆልፍም። ካለመቆለፉ የባሰው ደግሞ ግማሽ መያዙ ነው። እግራችሁ የገባ ይመስላችኋል፣ ዳገት ላይ ስትቆሙበት ያመልጣል። ወይም መንጋጋው ውስጥ ጭቃ ደርቆ መውጣቱ ይከብዳል። እኔ በሐምሌ ትንሽ እንጨት በኪሴ ይዤ ነበር የምሄደው፤ አስፋልት ስደርስ ቆሜ ጫማዬን እፈቀፍቃለሁ። በሁለት ሳምንት ሰለቸኝ።

ከቆላፊዎቹ ለጭቃ የሚሻለው ክራንክ ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኤግቢተር የሚባለው ነው። እንደ እንቁላል መምቻ ክፍት ስለሆነ ጭቃው ማለፊያ ያገኛል፤ በአራቱም ጎን ይቆልፋል። ነገር ግን ክሊቱ ነሐስ መሰል ለስላሳ ብረት ስለሆነ ከሺማኖው ብረት ቶሎ ይበላል። በተራ ጫማ ደግሞ ጭራሽ አይረገጥም፤ እግር የሚያሳርፉበት ሜዳ የለውም።

ባለ ጥርሱ ፔዳል ላይ ጭቃ ይህን ያህል ችግር አይሆንም። ጥርሶቹ ከጭቃው አልፈው ሶሉን ይነክሳሉ። ፔዳሉን ድንጋይ ላይ አንዴ መታ ማድረግ ይበቃል። ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ መንዳትም ትችላላችሁ። በክረምት ከቤት እስከ አስፋልት ያለው መንገድ ፒስታ ወይም ኮረኮንች የሆነባችሁ ሰዎች፣ ውሳኔው ከሞላ ጎደል እዚህ ላይ አልቋል።

ፍጥነትስ?

"ቆላፊው ያፈጥናል፣ ወደ ላይም ይሳባል" ይባላል። እኔም ይህን ብዬ ነው የገዛሁት። እውነቱ ይህ ነው፦ በተለመደ አነዳድ ጉልበቱ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመጣው ወደ ታች ከመጫን ነው። ወደ ላይ መሳቡ የሚጠቅመው አጭር ጊዜ በኃይል ሲነዱ ነው። የሥራ ጉዞ ደግሞ ውድድር አይደለም።

እውነተኛው ጥቅሙ ሌላ ነው። እግር ቦታውን አይለቅም። አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘቀዘቀች ከተማ ናት። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ አቃቂ ግን ወደ 2,100 ሜትር ግድም ይወርዳል። ከደቡብ ዳር የምንነሳ ሰዎች ጠዋት ሽቅብ፣ ማታ ቁልቁል ነን። ከመቀመጫ ተነስቼ ቆሜ ስረግጥ ቆላፊው በራስ መተማመን ይሰጠኛል። ቁልቁለት ላይ ኮብልስቶን ሲያንቀጠቅጠኝም እግሬ አይዘልም። ይህን ጥቅም አልክድም። ጥሩ ባለ ጥርስ ፔዳልና ጠፍጣፋ ሶል ያለው ጫማ ግን ከዚህ አብዛኛውን ይሰጣል።

ባለ ጥርሱ እንዴት ይመረጥ?

ሰፊ ይሁን። የእግራችሁን ሰፊ ክፍል ሙሉ በሙሉ መሸከም አለበት። ጥርሶቹ የሚፈቱ ትንንሽ ብሎኖች ከሆኑ ጥሩ ነው፣ ሲያልቁ ይቀየራሉ። በእጃችሁ አሽከርክሩት፤ ድምፅ ካሰማ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል ወይም ግራሶ የለውም። ፕላስቲክ የሆነውን አትናቁ፣ ደህና የተሠራው ክረምት ያሳልፋል። ብረቱ ሲያመልጥ ቅልጥም ላይ የሚያደርሰው ቁስል የከፋ ነው። ቅልጥሜ ላይ ሁለት ጠባሳ አለ።

ጫማው ላይ ብዙ አታውጡ። ሶሉ ጠፍጣፋና ትንሽ ጠንከር ያለ ስኒከር ከሳልቫጅ ተራ ይገኛል። የሩጫ ጫማ ሶሉ ስፖንጅ ስለሆነ ጉልበት ይበላል። በረባሶም ሆነ ክፍት ነጠላ ጫማ በዚህ ፔዳል ላይ አይሁን፤ ጥርሱ ጣት ይቆርጣል።

ለባለ ጥርሱ የምጨምረው አንድ ትልቅ ነጥብ አለ። በብዙ ቤት ሳይክል የአንድ ሰው አይደለም። ጠዋት አባት ሥራ ይሄድበታል፣ ማታ ልጁ ዳቦ ይገዛበታል፣ ቅዳሜ የእህት ልጅ ይማርበታል። ሁለት ፊቱ ቆላፊ የሆነ ፔዳል ለነሱ የሚያንሸራትት ብረት ነው። ቤተሰብ የሚጋራው ሳይክል ላይ አታድርጉት።

ተራው የላስቲክ ፔዳልና ቀፎው

በፊኒክስና በመሳሰሉት የቆዩ ሳይክሎች ላይ ያለው የላስቲክ ፔዳል በበጋ ለአጭር መንገድ መልካም ነው። ታኮ ጫማ፣ ሽክ ያለ የሥራ ጫማ፣ ምንም ይረገጥበታል። አንዲት ጎረቤቴ ከቤቷ እስከ ባቡር ጣቢያ ድረስ በዚህ ነው የምትሄደው፤ እንድትቀይር መክሬያት አላውቅም። ላስቲኩ ሲረጥብ ግን እንደ ሳሙና ነው። ዝናብ ላይ የምትነዱ ከሆነ ቀይሩት።

የጣት ቀፎውና ቀበቶው የድሮ ነገር ነው። ቀበቶው ጠብቆ ከታሰረ ከቆላፊው ይልቅ ለመውጣት ያስቸግራል። ላልቶ ከታሰረ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሳይክሉ ጋር ከመጣላችሁ ፍቱትና አስቀምጡት።

ሁለት ፊት ያለው

እኔ አሁን የምነዳው ይህን ነው። አንዱ ፊት ሜዳ፣ ሌላው ፊት የኤስፒዲ መንጋጋ። ከኮንዶሚኒየም እስከ አስፋልት በሜዳው እሄዳለሁ። ረጅሙ መንገድ ላይ ስገባ እገለብጠውና እቆልፋለሁ። ሳሪስ ስቃረብ እንደገና አወጣለሁ። ሥራ በሌለኝ ቀን በሸራ ጫማ ገበያ እሄድበታለሁ።

ጉድለቱ የሚፈልጉት ፊት ሁልጊዜ ወደ ላይ አለመሆኑ ነው። ከቆሙበት ሲነሱ ወደ ታች ማየት ይመጣል። መኪና መሀል ወደ ታች ማየት አደገኛ ነው። ፔዳሉን በጫማ ጫፍ ሳያዩ መገልበጥ እስኪለመድ ድረስ ጸጥ ያለ ቦታ ተለማመዱ። እኔ የእሁድ ጠዋትን ተጠቅሜያለሁ። ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ እያንዳንዱን እግር 50 ጊዜ ማስገባትና ማውጣት፣ ከዚያ በባዶ መንገድ። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር የተሠራባቸው መንገዶችም ጠዋት በማለዳ ለዚህ ጥሩ ናቸው።

ሲገዛና ሲገጠም

የቆላፊው ወጪ ፔዳሉ ብቻ አይደለም። ጫማው ብዙ ጊዜ ከፔዳሉ ይበልጣል። ክሊቱም ያልቃል። እኔ የመጀመሪያዬን ያገኘሁት ከውጭ በመጣ ዘመድ በኩል ነው፤ ክሊት ሲያልቅብኝ ምትክ ለማግኘት ወራት ጠበቅኩ። ስለዚህ ዕቃ የሚያስመጣላችሁ ሰው ካለ መለዋወጫ ክሊት ከብሎኑ ጋር አብሮ ይምጣ።

ክሊቱ ጫማው ላይ ሲታሰር አቅጣጫው ወሳኝ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን አንጠልጥሉ፤ ጣቶቻችሁ በተፈጥሮ ወዴት እንደሚያዩ አስተውሉ። ክሊቱ ያንን ይከተል። ጠማማ ከታሰረ መጀመሪያ የሚያመው ጉልበት ነው። ሕመም ከተሰማችሁ "ይለመዳል" ብላችሁ አትንዱ፣ ቆማችሁ አስተካክሉ።

ፔዳሉ ክራንኩ (ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ) ውስጥ የሚገባበት የብሎን ጥርስ በአዋቂ ሳይክል ላይ አብዛኛውን ጊዜ 9/16 ኢንች ነው። ክራንኩ ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ወጥ ብረት የሆነ ሳይክል ግን 1/2 ኢንች ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። የግራው ተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ይህን ሳያውቅ በግድ የገፋ ጠጋኝ የአንድ ወዳጄን ክራንክ ጥርስ ጨርሶታል። ብዙዎቹ በ15 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይፈታሉ፣ አንዳንዶቹ ከውስጥ በኩል በ6 ወይም በ8 አለን ቁልፍ። ከመግጠማችሁ በፊት የብሎኑን ጥርስ ግራሶ ቀቡት። ያለ ግራሶ የተገጠመ ፔዳል በክረምት ዝጎ ከክራንኩ ጋር አንድ ይሆናል።

ግራሶ የተቀባ ፔዳል መቀየር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ስለዚህ እኔ ሰኔ መግቢያ ላይ ሁለት ፊት ያለውን ፈትቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ፣ ባለ ጥርሱን እገጥማለሁ። መስከረም አልቆ የሰፈራችን ዋልካ ሲደርቅ መልሼ እቀይራለሁ።